የእትዬ ፋጡማ ተራ እንዴት እንዳለፈ

መጀመሪያ ሰዎቹን አንድ በአንድ ልጥራ። የሥራ ዘመኑን የሚጽፍ ሰው ራሱን አስቀድሞ ሌላውን ከኋላ ያሰልፋል። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እንዲያ ሳደርግ ኖሬአለሁና ዛሬ ላስተካክለው።

እትዬ ፋጡማ ከሸዋሮቢት ወደ ጀውሃ ሲኬድ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ሩብ ሄክታር የመስኖ መሬት አላቸው። ጋሼ ሰዒድ የዚያው ቦይ የውሃ አባት ነበሩ፤ የውሃ አባት ማለት ለየማሳው የውሃ ተራ የሚያደላድል፣ ሰው ሲጣላም የሚዳኝ ሽማግሌ ነው። ጋሼ ታደሰ ሎጂክ ያስተማሩኝ የዩኒቨርሲቲ ሰው ናቸው፤ አሁን በሕይወት የሉም። ሐያት ልጄ ናት፤ ሌላ ልጅ የለኝም። አምስተኛው እኔ ኢብራሂም ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ።

ሥራዬ ማሽን በደንብ እንዲያስብ ማድረግ ነበር። ጎረቤቶቼ ይህን ሲሰሙ በስልካቸው የሚያነጋግሩትን፣ ለጠየቁት ሁሉ መልስ የማያጣውን ነገር የሠራሁ ይመስላቸዋል። አይደለም። ያኛው የሰው ልጅ የጻፈውን ሁሉ እያነበበ የሚማር ነው። የእኛ ማሽን ብዙ አያነብም። ጥቂት እውነታና ጥቂት ደንብ እንሰጠዋለን። ጥያቄ ሲቀርብለት ከጥያቄው ተነሥቶ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ «ይህ እውነት እንዲሆን የትኛው ደንብ ያስፈልጋል? ያ ደንብ እንዲሠራስ የትኛው እውነታ?» እያለ መሠረቱ ድረስ ይወርዳል። መሠረቱን ካገኘ «አዎ» ይላል፤ የመጣበትንም መንገድ በመስመር በመስመር ያሳያል። ዛሬ ይህን ሙያ የሚመርጥ ተማሪ የለም። የመጨረሻው ዓመት ክፍሌ ውስጥ ሦስት ልጆች ነበሩ፤ አንዱ በስሕተት የተመዘገበ ነበር።

ወደዚህ ሙያ በትምህርት ቤት በር አልገባሁም። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ሸዋሮቢት አጠገብ በነበረ አንድ እርሻ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆንኩ። እዚያ የነበረው ሕግ አንድ ነው፤ ካርድ ላይ ያልተጻፈ ዕቃ የለም። መደርደሪያው ላይ ቆሞ ብታየውም፣ ካርዱ ላይ ከሌለ የለም። ስድስት ዓመት በዚህ ሕግ ኖርኩ፤ አጥንቴ ውስጥ ገባ። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የሒሳብ መምህር ተዛውሮ ሲሄድ፣ ሻንጣው ያልቻላቸውን መጻሕፍት ግምጃ ቤቱ ውስጥ ትቷቸው ሄደ። ከእነሱ አንዱ ሽፋኑ የተገነጠለ የሎጂክ መጽሐፍ ነበር። እንግሊዝኛዬ ለመጽሐፉ አይበቃም። አንዱን ገጽ ለመጨረስ ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ ጊዜ አለ። ግን ሲገባኝ፣ የግምጃ ቤቱ ካርድ በሌላ ቋንቋ ተጽፎ ያገኘሁት መሰለኝ። በግል ተፈትኜ አሥራ ሁለተኛን አለፍኩ፤ በክረምት ትምህርት ዲግሪ ያዝኩ፤ በሠላሳ ሦስት ዓመቴ ጣርማ በርን ወጥቼ ደጋው ላይ ካለው ዩኒቨርሲቲ በረዳት መምህርነት ተቀጠርኩ። ደመወዙና ቅጹ እንደማንኛውም የመንግሥት ሥራ ነው፤ አላወራበትም።

ቢሮ የተካፈልኩት ከጋሼ ታደሰ ጋር ነው። እርሳስ በምላጭ ነበር የሚቀርጹት፤ መቅረጫ ልብ ያደርቃል ይላሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን የሠራሁትን አሥራ አራት ገጽ ማረጋገጫ ስሰጣቸው ከመጨረሻው ገጽ ጀምረው ወደ መጀመሪያው አነበቡት።

«ይቺ መስመር በምን?» አሉኝ።

«በሁለተኛው ደንብ።»

«ይቺስ?»

«ከላይኛው መስመር።»

«ይቺስ በምን?»

«እሷማ ግልጽ ናት ጋሼ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ግልጽ የሚባለው ደንብ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው? እኔ አላጋጠመኝም።»

ማረጋገጫዬ እዚያ መስመር ላይ ሞተ። ከዚያ ቀን በኋላ «በምን?» የሚለው ቃል በቢሮአችን የሰላምታ ያህል ሆነ። ሻይ እንጠጣ ስላቸው እንኳ «በምን?» ይሉኛል፤ «በጥማት» እላቸዋለሁ።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው፤ ቆይቼ ነው የገባኝ። ደብተር ሲጽፉ በቀኙ ገጽ ብቻ ይጽፋሉ። በግራው ገጽ ራስጌ «ያልጠየቅሁት» ብለው ባዶውን ይተዉታል። ቀናት፣ አንዳንዴ ወራት ቆይተው አንዲት ጥያቄ ይጨምሩበታል። ግራው እስኪሞላ ቀኙን ለሰው አያሳዩም። ወረቀት ያባክናሉ ብዬ አስብ ነበር፤ ግምጃ ቤት ያደገ ሰው ነኝ።

«የቀኙን ስሕተት አንተም ታገኘዋለህ» አሉኝ አንድ ቀን። «የግራውን ግን ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው የምታየው።»

ሰማሁ፤ አልያዝኩትም።

ሐያት አሥራ ሁለት ዓመቷ ሳለ እናቷ ሞተች። ሴት ባሏ ሲሞት ኢዳ፣ የሐዘን ጊዜ፣ ትቀመጣለች፤ ወንድ ኢዳ የለውም። በአራተኛው ቀን ሥራ ገባሁ። ሐያት እኔ ፊት አላለቀሰችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ስታድግ የእኔኑ ሙያ መረጠች፤ ክፍሌ ገብታ ተማረች። ልጄ ስለሆነች ግማሽ ነጥብ አልጨመርኩላትም። ቀንሼባት ይሆናል። አባት ጥብቅ መሆን አለበት ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም አምናለሁ። ግን ጥብቅነት የአባት ግማሹ ብቻ ነው፤ ሌላውን ግማሽ አልሠራሁትም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከሰባት ዓመት በፊት የእነ ጋሼ ሰዒድ የመስኖ ማኅበር አባላት በውሃ ተራ ተካሰሱ። የአገሬ ልጅ ነኝና ወደ እኔ መጡ። እኔም ደስ አለኝ፤ ሃያ ዓመት በሰሌዳ ላይ ያረጋገጥኩት ነገር ውሃ ሊያጠጣ ነው። የማኅበሩን ደንብ ለማሽኑ እሰጣለሁ፤ ማሽኑ ተራውን ያወጣል፤ የሚከራከር ካለ መንገዱን በመስመር ያሳየዋል። ሐያት ያኔ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማር ነበር፤ ይህ ሥራ የማሟያ ጽሑፏ ሆነ።

ቦዩ ዳር ተቀምጠን ጋሼ ሰዒድን ስንጠይቅ ሦስት ቀን ዋልን። እርሳቸው በአንካሴያቸው አፈሩ ላይ ማሳዎቹን እየሳሉ ይነግሩናል። ራስጌ ያለው አስቀድሞ ይጠጣል። ሽንኩርት ከማሾ ይቀድማል። ተራው በስምንት ቀን ይዞራል። ተራውን ለማስያዝ ያልመጣ ሰው ያልፈዋል። አሥራ ሰባት ደንብ ቆጠርን።

«ሌላስ ጋሼ?» አለች ሐያት።

«ሌላ የለም። ይኸው ነው።» ከዚያ ኮምፒዩተሩን በአንካሴው ጫፍ ጠቆሙት። «ኢብራሂም፣ እኔ ስሞት ይቺ ሳጥን ውሃ ታደላድላለች ማለት ነው?»

«ኢንሻ አላህ ታደላድላለች።»

«ቀብሬስ ላይ ትመጣለች?»

ዙሪያውን የነበረው ገበሬ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ቢሮ ከተመለስን በኋላ ሐያት በአንድ ነገር ያዘችኝ።

«አባ፣ ተረኛው ካልመጣ ማሽኑ ምን ይበል?»

«‹ተራው አለፈው› ይበላ። ደንቡ ነው።»

«ለምን እንዳልመጣ ሳናውቅ?»

«ምክንያት ካለው ያስመዘግባል። ካልተጻፈ የለም።»

እዚህ ላይ ለአንባቢ ልግለጽ። በእኛ ሙያ ውስጥ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ማሽኑ ፈልጎ ያላገኘውን ነገር «ሐሰት ነው» ብሎ እንዲቀጥል ማድረግ ነው፤ ፈጣን ነው፣ ሁልጊዜ መልስ ይሰጣል። ሌላው ያላገኘውን «አላውቅም» እንዲል ማድረግ ነው፤ ይዘገያል፣ ሰውም ያስጠይቃል። እኔ የመጀመሪያውን መረጥኩ።

«ሦስተኛ መልስ እንስጠው» አለች። «‹አላውቅም፣ ጋሼ ሰዒድን ጠይቁ› ይበል።»

«አላውቅም የሚል ማሽን ይዤ ሰው ፊት ልቆም?»

«ጋሼ ታደሰ እኮ በቀን አሥር ጊዜ ‹አላውቅም› ይላሉ። ማንም አልናቃቸውም።»

«ጋሼ ታደሰ ማሽን አልሠሩም» አልኳት።

ጋሼ ታደሰ ያኔ ጡረታ ወጥተው ታመው ቤት ነበሩ። ረቂቁን ወሰድኩላቸው። ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና «ግራው የታለ?» አሉኝ።

«ለዚህ አላስፈለገም ጋሼ። ያደግኩበት አገር ነው፤ የማላውቀው ነገር የለም።»

«እንግዲህ በረታህ» አሉና ብርድ ልብሳቸውን ሳቡ። ያን ክረምት ሞቱ። የሆነውን አላዩም።

ሥራው በበጋው ተጀመረ። ተረኛው በዋዜማው ለማኅበሩ ጸሐፊ በአካል ወይም በስልክ ያስይዛል፤ ማሽኑ ዝርዝሩን ያወጣል፤ ወረቀቱ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል። ለጋሼ ሰዒድ አንድ ነገር አጥብቄ ነገርኳቸው። «ከእንግዲህ እጅዎን እንዳያስገቡ። አንድ ተራ በእጅ ከተቀየረ ሙከራው ሁሉ ይበላሻል።» እሳቸውም ቃል ሰጡኝ። ቃላቸውን የሚበሉ ሰው አይደሉም፤ ጥፋቱም ያ ሆነ።

በሁለተኛው ወር የእትዬ ፋጡማ ባል ሞቱ። እትዬ ፋጡማ ኢዳ ተቀመጡ፤ አራት ወር ከአሥር ቀን። በእኛ አገር ኢዳ የተቀመጠች ሴት ቦይ አትወርድም፣ ተራም አታስይዝም። ማስያዝም አያስፈልጋትም። ሐዘን የገባበት ቤት ተራው ሳይጠየቅ ይከበራል፤ የውሃ አባቱ ራሱ ቦዩን ይከፍትላታል፣ ጎረቤት ያጠጣላታል። ይህ ከአሥራ ሰባቱ ደንቦች ውስጥ የለም። ጋሼ ሰዒድ አልነገሩንም፤ ለሰው ‹የሞተውን ቅበር› ተብሎ እንደማይነገር ሁሉ ይህም አይነገርም። እኔም አልጠየቅኩም። እናቴ ኢዳ ስትቀመጥ ማሳዋን ያጠጣላት ጎረቤት ስሙ ትዝ እያለኝ አልጠየቅኩም።

ማሽኑ ፈለገ፤ እትዬ ፋጡማ አላስያዙም። የተመዘገበው ስልክ የሟች ባላቸው ነበር፤ ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ ተቀምጧል። ያላስያዘ ያልፈዋል። አለፋቸው። በስምንተኛው ቀን ደግሞ አለፋቸው። ጎረቤት ወረቀቱን አይቶ ማሳውን ለሌላ ሰጥተው ይሆናል አለ። ጋሼ ሰዒድ አዩ፤ ቃላቸው ያዛቸው። ሽንኩርቱ ራስ የሚቋጥርበት ጊዜ ነበር። በዚያ ሙቀት ሽንኩርት ሃያ አራት ቀን ውሃ ሳያገኝ ሲቀር ምን እንደሚሆን የቆላ ሰው ያውቃል። ቅጠሉ ገለባ ሆነ።

ተጠርቼ ከሐያት ጋር ወረድኩ። ወፍጮ ቤቱ ደጅ ሰው ተሰብስቧል። የማሽኑን ማረጋገጫ አትሜ ይዤ ነበር። እያንዳንዱን መስመር ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ፤ ይህ በአራተኛው ደንብ፣ ይህ በዘጠነኛው። አንድም የተሳሳተ መስመር የለም። ስጨርስ ወፍጮው እንኳ ቆሞ ነበር።

አንድ ገበሬ «ይሁን፣ ታዲያ ማን ሳተ?» አለ።

የሥራ ዘመኔ ሁሉ የተመዘነው በዚያ ጥያቄ ነው። «እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «መረጃውን የምትይዘው ሐያት ናት። ስልኩን ማደስ ነበረባት» አልኩ።

ሐያት ዞራ አየችኝ። ቀስ ብላ፣ በጋሼ ታደሰ ቃል፣ «በምን?» አለችኝ።

የኮምፒዩተሩን ገመዶች ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እኔ መኪና ውስጥ ገብቼ ትንሽ ጠበቅኋትና ሄድኩ። ደብረ ሲና ስደርስ ብርዱ ይጀምራልና እንደወትሮው ኮቴን ለመልበስ ቆምኩ። ኮቷን የምይዝላት ልጅ ግን አጠገቤ አልነበረችም። በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሄዳለች ብዬ ገመትኩ። ገመትኩ እንጂ አልጠየቅኩም።

በዘገባዬ ላይ «በመረጃ አያያዝ ጉድለት» ብዬ ጻፍኩ። በዚያ ሥራ የደረጃ ዕድገት አገኘሁ። ሐያት ማሟያ ጽሑፏን ጣለችው። ሐዋሳ የማስተማር ሥራ ያዘች፤ በአዲሱ ዓይነት ማሽን ላይ ነው የምትሠራው፣ እያነበበ በሚማረው። በኢድ በኢድ ትደውላለች። «ደህና ነህ አባ?» «ደህና።» «መድኃኒትህን ትወስዳለህ?» «እወስዳለሁ።» ከዚህ አይረዝምም።

ጡረታ ስወጣ የሰጡኝ ምስክር ወረቀት ላይ ከሥራዎቼ ሁሉ ተመርጦ የተጻፈው ያ የውሃ ሥራ ነው። ወደ ሸዋሮቢት ወርጄ፣ አስፋልቱ ዳር ያለችውን የአባቴን ቤት አሳድሼ ገባሁ። ለሁለት ዓመት ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ አቆየሁት። በቅርቡ ልሰቅለው ምስማርና መዶሻ ይዤ ግድግዳው ሥር ቆምኩ። ቆሜ ቀረሁ። ምስማሩን አስቀምጬ በባጃጅ ወደ መንደሩ ሄድኩ።

እትዬ ፋጡማ ደጃፋቸው ላይ ማሾ ይለቅማሉ። አስቀመጡኝ፤ ንፍሮ አቀረቡልኝ። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም።

«እትዬ ፋጡማ፣ ያን ጊዜ ጥፋቱ የሐያት አልነበረም። የእኔ ነው። ይህን ልነግርዎት ነው የመጣሁ።»

«አላህ ይስጥልኝ» አሉ፣ ከማሾው ቀና ሳይሉ። «እኛስ ያኔውኑ አውቀን የለ?»

«ማን ነገራችሁ?»

«ማን ይነግረናል፤ ያቺ ልጅ አሥሬ ‹ሌላስ፣ ሌላስ› እያለች ስትጠይቃቸው ጋሼ ሰዒድ ሰምተዋል እኮ። እጃቸውን ያሰራቸው ለአንቱ የሰጡት ቃል ነው። ‹የሴት ማሳ ሲደርቅ ቆሜ ያየሁ ሰው ዳግመኛ ቦይ አልከፍትም› ብለው የውሃ አባትነቱን ተዉት። አሁን ከቤትም እምብዛም አይወጡም።»

«ሐያትስ? አዝናብኝ ነበር?»

ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። «አንቱን አላማችም። ‹አባቴ ደክሞት ነው› ነው ያለችኝ።»

«የት አገኘችዎት?»

«እዚሁ ነዋ። ኢዳዬን እስክጨርስ ሦስት ወር ሙሉ እኔ ጋ አልነበረች? ሽንኩርቱን ነቅለው ማሾ ዘሩልኝ፣ እሷና የጎረቤት ልጆች። እጇ ተላልጦ ነበር። አልነገረችዎትም?»

«አልነገረችኝም።»

«አልጠየቋትማ።» ማሾውን አበጠሩ፤ እንክርዳዱን ጣሉ። «በየዓመቱ ትመጣለች፣ በዚያችው ወር። ሦስት ቀን፣ አራት ቀን ታድርና ትሄዳለች። ‹አባትሽን አይተሽ ነይ፣ መኪናሽ በደጁ አይደል የሚያልፈው?› እላታለሁ።»

«ምን ትላለች?»

«‹ካልጠየቀኝ› ትላለች።»

ንፍሮውን ይዤ ተቀመጥኩ። እሳቸውም ሥራቸውን ቀጠሉ። ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ምን እንደሚል የሚያስተምር መጽሐፍ አላነበብኩም።

ተመልሼ ለዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ያ ዘገባ ሐሰት እንደሆነ፣ ስሕተቱ የልጄ ሳይሆን የእኔ እንደሆነ። ፋይሉ ስለተዘጋ የሚታረም ነገር የለም የሚል መልስ መጣልኝ። ከዚያ በዓል ሳይሆን ለሐያት ደወልኩላት። ደነገጠች።

«ምን ሆንክ አባ?»

«ምንም አልሆንኩ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ያን ቀን፣ ከወፍጮ ቤቱ፣ የት ሄድሽ?»

ከኋላዋ ተማሪዎች ሲያወሩ ይሰማኛል።

«አሁን ነው የምትጠይቀኝ?»

«አሁን ነው።»

«ክፍል ልገባ ነው። እደውልልሃለሁ» አለች።

እስካሁን አልደወለችም። ወሩ ግን እየደረሰ ነው።

ግምጃ ቤት ያደገ ሰው መጨረሻ ላይ ይደምራል፤ እኔም ማንን ምን እንዳሳጣሁ ልደምር። እትዬ ፋጡማን አንድ ሩብ ሄክታር ሽንኩርት፣ በሐዘናቸው ላይ። ጋሼ ሰዒድን የውሃ አባትነታቸውን። ጋሼ ታደሰን ከእሳቸው የተማርኩትን ሁሉ፤ በእኔ እጅ ከንቱ ሆኗልና። ሐያትን ሥራዋንና ስሟን፣ አባቷንም። እኔን ደግሞ ይህን ያህል፤ አራት ዓመት በደጋው ቤቴ ደጅ፣ ሁለት ዓመት በዚህኛው፣ ልጄ በአስፋልቱ ላይ ሳትገባ አልፋለች። መሄዷንና መመለሷን ስቆጥር አሥራ ሁለት ጊዜ።